ልጅቷ ምን እንደምትማር አልወሰነችም፤ ከድሬ ሳትርቅ በአቅማችን የት እናስገባት?

የሳቢያን እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በተፈጥሮ ሳይንስ 12ኛ ክፍልን ተፈትና ከ50 በመቶ በላይ አምጥታለች፣ ተመስገን። ችግሩ ምን መማር እንደምትፈልግ አለማወቋ ነው። ሰኞ ኮምፒውተር ትላለች፣ ረቡዕ ነርስ፣ ቅዳሜ አካውንቲንግ። ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ እስከ አርብ ለተመዘገበ የመመዝገቢያ ክፍያ አናስከፍልም የሚል ወረቀት ሰጥቷታል። ዲፓርትመንቷን ዛሬውኑ መርጣ ትጀምራለች ይላሉ። የመንግሥቱን ምደባ ብንጠብቅ ደግሞ የት እንደሚጥላት አናውቅም። ለአራት ዓመት የግል ከፍለን፣ መሀል ላይ «ይሄ አልሆነኝም» ብትል ሌላ መክፈል አንችልም። ምን ይሻላል? ወጪው በትክክል ስንት ስንት እንደሚሆን የምታውቁ ብትጽፉልኝ።

ደንገጎ ማዶ፦

እናቴ፣ አብሽሩ። አርብ የሚያልቅ ቅናሽ ቅዳሜም ይኖራል።

ያልወሰነች ልጅ ስትሆን የክፍያው ትንሽነት ብቻውን አይታይ። ሐሳቧን ስትቀይር ስንት ታስከፍላችኋለች ነው ጥያቄው። በዚህ ሚዛን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያሸንፋል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው። ማንም ዲፓርትመንት ይዞ አይገባም፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ የመሳሰሉትን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ በጋራ ይወስዳል። ዲፓርትመንት የሚመደበው በኋላ፣ በምርጫዋና በውጤቷ ነው። ማለትም ለመወሰን የሚሆን ጊዜ ይሰጣታል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አንድ ዓመት አላት» ይባላል፤ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲ ያላት አንድ ሴሚስተር ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ፕሪ ኢንጂነሪንግ (የምህንድስና መግቢያ) የገቡት አፕላይድ ማትስና ፕሮግራሚንግ ሲወስዱ፣ ሌሎቹ ወደ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ይሄዳሉ። ወደ አንዱ ከገባች በኋላ ወደ ሌላው መሻገር ከባድ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ወይስ ነርስ የሚለውን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና በፊት መለየት ይኖርባታል። ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ሬጅስትራር ሄዳ «የባንድ (የትምህርት ዘርፍ) ምርጫ መቼ ነው?» ብላ ትጠይቅ፤ ማስታወቂያው ቦርድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ተለጥፎ ሊነሳ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ውጤት ነው። ምርጫ ሞልታ ውጤቷ ካልደረሰ ወደ ተረፈው ዲፓርትመንት ትጣላለች። እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ ላሳይዎት። ስድስት ባለ 3 ክሬዲት (የኮርሱ ክብደት) ኮርስ ወሰደች እንበል፤ ሒሳብ C (2)፣ ፊዚክስ C+ (2.5)፣ እንግሊዝኛ B (3)፣ ጂኦግራፊ B+ (3.5)፣ ሎጂክ A- (3.75)፣ ሳይኮሎጂ A (4)። እያንዳንዱን በ3 አባዝተን ብንደምር 56.25 ይመጣል፤ ለ18 ክሬዲት ሲካፈል 3.13 ገደማ። አሁን ሒሳቡን F አድርጉት፤ ድምሩ 50.25፣ አማካዩ 2.79 ይሆናል። አንድ F ብቻዋን 0.33 ወሰደች ማለት ነው። በጣም በሚፈለጉ ዲፓርትመንቶች በር ላይ ደግሞ ሰው የሚለያየው በ0.05 ነው። የስፖርቱ ኮርስ አልፏል ወይም አላለፈም ብቻ ስለሆነ ውጤቷን አይነካም፤ ግን ካልገባች መዝገቧ ላይ ይቀራል።

ብዙ ልጆች ደግሞ ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊን «የሶሻል ነው» ብለው ይንቃሉ። ክሬዲቱ ከሒሳብ እኩል 3 ነው! ሒሳብ ላይ ከC ወደ B ለመውጣት የሚፈጀው ጉልበት ሎጂክ ላይ ከB ወደ A ቢወጣበት ለአማካዩ ያው ነው።

ሰባተኛ በር፦

በአክብሮት ልቃወም። ወይዘሮ፣ የግል ኮሌጅ ቢያንስ ምርጫዋን ያከብራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ አካውንቲንግ ፈልጋ ስታቲስቲክስ ቢደርሳትስ? ያልፈለገችውን አራት ዓመት መማርም ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ቤቷ እያደረች ትማራለች።

ደንገጎ ማዶ፦

ሰባተኛ በር፣ ሐሳብህ ለወሰነ ልጅ ትክክል ነው። የማይፈልጉት ዲፓርትመንት መመደብ አለ፤ አልክድም። ያልወሰነች ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን እንድትመርጥ መገደዷ ነው ችግሩ፤ «ዛሬውኑ መርጣ ትጀምራለች» የሚለው ለእሷ ጥቅም አይደለም።

አካውንቲንግን ካነሳህ አይቀር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ የተፈጥሮ ሳይንስ ናት፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ የማኅበራዊ ሳይንስ ወገን ነው። መሻገር የሚቻለው ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ ነው፤ እሱም ገና ሲገባ ካመለከቱ። ስለዚህ ከሦስቱ ምርጫዎቿ አካውንቲንግ በመንግሥት በኩል ጠባብ በር ነው። እውነት አካውንቲንግ ከሆነ የልቧ፣ ያኔ የግሉ ወይም የዩኒቨርሲቲው የማታና የቅዳሜ እሁድ ፕሮግራም ሊታሰብ ይችላል።

ደቻቱ ዳር፦

ወጪውን እኔ ላስላ፤ የጠየቁት እሱን ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ስትማር እጅ በእጅ የሚከፈል የትምህርት ክፍያ የለም፤ የወጪ መጋራት ውል ግን ትፈርማለች። በየዓመቱ ነው የሚፈረመው። በውሉ መሠረት የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ከተመረቀች በኋላ ትመልሳለች። ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ ይቆረጣል። ደመወዟ 9,000 ብር ቢሆን በወር 900 ብር ማለት ነው። እስኪከፈል ድረስ ኦሪጅናል ዲግሪዋ አይሰጣትም፤ በጊዜያዊው ነው ሥራ የምትፈልገው።

ቅጹ ላይ ምግብና መኝታ፣ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ የሚሉ ሳጥኖች አሉ፤ በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ የሚልም አለ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሳትና ከሳቢያን እየተመላለሰች ብትማር፣ ሰው ሁሉ ስለሚያደርገው ብቻ ምግብና መኝታ ላይ ምልክት አታድርግ። ያልበላችውና ያልተኛችበት ዕዳ ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ ብላ የምትቀበለው የነን ካፌ ብርም (የግቢውን ምግብ ለማይበላ የሚሰጠው) ስጦታ አይደለም፤ እዚያው ዕዳዋ ላይ ይደመራል። የባጃጁን ሒሳብ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት ስምንት ዘጠኝ ወር። ከመኝታው ዕዳ የሚበልጥ ከሆነ ግቢ ማደሩ ይሻላል። ላይብረሪ እስከ ምሽት መቀመጥም አለ።

ወደ ግሉ እንምጣ። ኮሌጆች በክሬዲት ነው የሚያስከፍሉት። ቁጥሩን ለስሌት ብቻ ነው የምጠቀመው፤ የእናንተን ኮሌጅ ዋጋ በቦታው ተኩት። አንድ የ4 ዓመት ዲግሪ 140 ገደማ ክሬዲት ነው እንበል። በክሬዲት 700 ብር ቢሆን 98,000 ብር። በሴሚስተር 500 ብር መመዝገቢያ ካለ በ8 ሴሚስተር 4,000 ብር ይጨመራል። እስከ አርብ የሚተውላችሁ እንግዲህ ከዚህ ውስጥ 500 ብሩን ነው!

ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ግን ጭማሪው ነው። በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምሩ፣ በዓመት 35 ክሬዲት ሲወሰድ፣ 24,500፣ 26,950፣ 29,645፣ 32,610 እያለ ይሄዳል። ድምሩ 113,705 ገደማ ነው፤ ከተነገራችሁ ከ15,000 ብር በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ክፍያው እስክትመረቅ ባለበት ይቆያል ወይ?» ይሁን። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ውሉ ላይ ያጽፉት።

ሐሳቧን ብትቀይርስ ላሉት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ 35 ክሬዲት ጨርሳ ከአካውንቲንግ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ዞረች እንበል። አዲሱ ዲፓርትመንት የጋራ ኮርሶቹን 17 ክሬዲት ቢቀበልላት 18ቱ ይወድቃል። 18 በ700፣ 12,600 ብር ጠፋ፤ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር። ይሄም ኮርሱ ከተመሳሰለና ውጤቷ ብዙውን ጊዜ C ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። D ያገኘችበትን ማንም አያሻግርላትም። የየኮርሱን አውትላይን (የይዘት ዝርዝር) ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በፋይል ትያዝ፤ በኋላ ሲፈለግ መምህሩም ለቆ ኮሌጁም ቀይሮት አይገኝም።

የሳቢያን እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ልጆች። ውሉን ማጻፍ አላሰብኩም ነበር። ታዲያ ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው በምን አውቃለሁ? ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይቻለሁ። ነርስስ ብትሆን?

ሬጅስትራር ደጅ፦

ግድግዳው ላይ ያለውን ቀረብ ብለው ያንብቡት እናቴ፣ ርቀው ሁሉም ፈቃድ አንድ ይመስላል። ለዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ በካምፓስ፣ በትምህርት ዓይነት፣ በደረጃና በአሰጣጥ ተለይቶ ነው። አዲስ አበባ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ድሬዳዋ ቅርንጫፉ ላይ ላይኖረው ይችላል። መደበኛ ተፈቅዶለት ርቀት ያልተፈቀደለትም አለ። ስለዚህ አራት ነገር ያዩበታል፤ «ድሬዳዋ» ይላል ወይ፣ የትምህርቱ ስም ልጅዎ ከምትመዘገብበት ጋር ቃል በቃል አንድ ነው ወይ፣ መደበኛ ወይስ ማታ፣ የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው። ልጅቷ ከመመረቋ በፊት የሚያበቃ ከሆነ እድሳቱ የት እንደደረሰ ይጠይቁ። ስልክ ካለዎት ፎቶ አንሥተው ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ጋር ያስተያዩት። ፎቶ ማንሣት የሚከለክል ኮሌጅ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል።

በሌላ በኩል በደረጃ 3 እና 4 የሚሰጥ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ፈቃድ ከከተማው ወይም ከክልሉ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ የደረጃውን ፈቃድ ሰቅለው ዲግሪ ይመዘግባሉ። ይሄ የሚታወቀው ተማሪዋ ማስረጃዋን ስታረጋግጥ ነው፤ ያኔ አራት ዓመቱ ሄዷል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም የዲግሪ ተማሪ ኤግዚት ኤግዛም ካላለፈ ዲግሪ የለውም። 100 ጥያቄ ነው፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ማለፊያው 50። ስለዚህ ኮሌጁን «ባለፈው ዙር ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» ብለው ይጠይቁ። የኮሌጁን ጠቅላላ አይቀበሉ፤ የዲፓርትመንቱን ነው የሚፈልጉት። 60 ተፈትነው 8 ካለፉ፣ በክሬዲት 100 ብር መቀነሱ ምን ያደርግላችኋል?

ነርሲንግን በተመለከተ፣ የጤና ትምህርት በግል ሲሆን ከክፍያው በላይ ሌላ ወጪ አለው፤ ጋዋን፣ የልምምድ ክፍያ፣ ወደ ሆስፒታል መመላለሻ። የትኛው ሆስፒታል ልምምድ እንደሚወጡ በስም ይንገሯችሁ። ድል ጮራ ነው ወይስ ሐረር ሕይወት ፋና ድረስ ነው የሚያመላልሷት? በደንገጎ አቀበት በየቀኑ መሄድ ቀላል ወጪ አይደለም። ከሆስፒታሉ ጋር የተፈረመ ስምምነት አሳዩኝ ማለት መብትዎ ነው። ስትመረቅም ያለ ሙያ ፈቃድ አትሠራም፤ እሱንም ያስቡበት።

ሌላው የሚያቃጥለው ጉዳይ አወጣጡ ነው። ልጆች ሲሰለቻቸው ዝም ብለው ይቀራሉ። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሳይሞሉ የቀሩበት ሴሚስተር F ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል፤ ያለ ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት) ደግሞ ትራንስክሪፕት አይወጣም። ትራንስክሪፕት ከሌለ ሌላ ቦታ የተማረችውን ማዛወር አትችልም። ብትተው እንኳ ቅጹን ሞልታ፣ ላይብረሪውንም ፋይናንሱንም አስፈርማ፣ ኮፒውን ይዛ ትውጣ።

ባቡር ጣቢያ፦

አቦ ሁላችሁም ዲግሪ ዲግሪ አላችሁ። ቴክኒክና ሙያ ማን ገደለው? ኢትዮ ኢጣሊያ ፖሊቴክኒክ እዚሁ ድሬ አለ፣ ሐረርም ፖሊ ቴክኒክ አላት። ክፍያው ከግል ዲግሪ ጋር አይገናኝም፤ ሥልጠናውም የእጅ ሙያ ያስይዛል።

ሬጅስትራር ደጅ፦

ባቡር ጣቢያ፣ መንገዱ መልካም ነው፣ ግን ለዚች ልጅ ቅደም ተከተሉን አስብ። 50 በመቶ አልፋ የመንግሥት ምደባዋን ብትተው ያ ዕድል ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ደረጃ 4 ጨርሶ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ይዞ ወደ ዲግሪ የመግባቱ ደንብ ደግሞ በየጊዜው ሲቀያየር ነው የኖረው፤ «በኋላ ዲግሪ ትቀጥላለች» በሚል ተስፋ ብቻ መግባት አያዋጣም። የእጅ ሙያ ራሱን ፈልጋ ከሆነ ሌላ ነው፤ ያኔ ሂዱ ባይ ነኝ። ምደባው እስኪወጣ ባለው ክፍት ጊዜ አጭር ሥልጠና መውሰድም ይቻላል፤ የኮምፒውተር መሠረታዊ ወይም የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር። ሁለት ወር ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሠራው ወይ ይወደዋል ወይ ይሰለቸዋል። እንደሷ ላለች ልጅ ከማንም ምክር ይበልጣል።

የሳቢያን እናት፦

ምደባው ሩቅ ቢጥላትስ? ምርጫውን እንዴት እንሙላ?

ደንገጎ ማዶ፦

የሚሞላው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ዲፓርትመንት አይደለም። በቅርበት ከሄዱ ድሬዳዋ፣ ሐረማያ፣ ጅግጅጋ፣ ጭሮ ያለው ኦዳ ቡልቱም አሉላችሁ። አንደኛ ምርጫ አድርጎ መሙላት ዕድሉን ይጨምራል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ምደባው ከወጣ በኋላ ማስቀየር አስቸጋሪ ስለሆነ ጥንቃቄው እዚህ ላይ ይሁን። ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ በጥድፊያ እንዲሞላላት አትፍቀዱ፤ ራሷ ትሙላ፣ የይለፍ ቃሏንም ለማንም አትስጥ፣ ስትጨርስም ስክሪኑን ፎቶ ታንሣ።

ሁለቱ ቅርቦች ይለያያሉ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ 1999 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ቴክኖሎጂው፣ ኮምፒውተሩ፣ ቢዝነሱ፣ ጤናውም አለ። ትልቁ ጥቅሙ ለእናንተ የቤት ቅርበቱ ነው። ሐረማያ የቆየ ነው፤ በእርሻ ኮሌጅነት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረ። ግብርናውና እንስሳት ሕክምናው አንጋፋ ነው፤ የጤናው ካምፓስ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ላልወሰነች ልጅ አንድ ብልጫ አለው፤ የዲፓርትመንቱ ዓይነት ብዙ ነው። ሐሳቧ ስንቴ ቢዞር የሚያርፍበት አያጣም። እኔ ብሆን ድሬዳዋን አንደኛ፣ ሐረማያን ሁለተኛ እሞላ ነበር፤ የዲፓርትመንት ብዛት የሚበልጥባችሁ ከሆነ ገልብጡት። የርቀቱ ነገር በሁለቱም አያስፈራችሁ።

ደቻቱ ዳር፦

ልጅቷ እንድትወስን የሚረዳ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። ለአንድ ወር የሥራ ማስታወቂያ ትሰብስብ፤ ረቡዕና እሑድ የሚወጣውን ሪፖርተር፣ በቦርድ የሚለጠፈውን፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩም ከነፃ ንግድ ቀጠናውም የሚወጣውን። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ትሥራ፤ የተፈለገው ትምህርት፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት ይላል ወይ፣ ቦታው የት ነው። «ወይም ተዛማጅ» የሚለውን በተለይ ታስምርበት። «በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ» ሲል ለብዙ ዲፓርትመንት በሩ ክፍት ነው፤ «በነርሲንግ» ብቻ ሲል ለአንድ ነው፣ ግን ተፎካካሪውም ያንሳል። ልምድ ዜሮ የሚለው ስንቱ እንደሆነ ስትቆጥር ሰኞና ረቡዕ የሚቀያየረው ሐሳቧ ይረጋል።

የሳቢያን እናት፦

በቃ አርብ አንሄድም። ደብተሩንም ገዝቻለሁ። ምደባው ሲመጣ ምን ምን ይዛ ትሂድ?

ሬጅስትራር ደጅ፦

የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፤ ሁሉም ኦሪጅናልና ኮፒ። የፋይዳ ቁጥር። 3 በ4 የሆነ ፎቶ፣ በርከት አድርጋ። ስሟ በሁሉም ላይ በአንድ ፊደል መጻፉን አሁኑኑ ያስተያዩ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ «ሃ» ሌላው ላይ «ሀ» ብዙም አያስቸግርም፣ በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ሲዛነፍ ነው ምዝገባ ቀን ወረፋ ላይ የሚያስለቅሰው። ለማስተካከል ወደ ትምህርት ቤቷ መመለስ አለ፤ አሁን ጊዜ አላችሁ።

አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ። ሐረማያ ከደረሳት ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ይጨምሩላት፤ የድሬን ሙቀት ለምደው በነጠላ የሚሄዱ ልጆች በኅዳር ብርድ ነው ግራ የሚገባቸው።